ከእትዬ በኋላ ማንም አይቀምስም

ጥር 9

«ጋሽዬ፣ እርስዎን ያሳመመዎት የጋሼ ሚዛን ቻትኒ ነው። እኔ እሱ ጽፎ እንደላከልኝ ነው የሠራሁት፤ አንዲት ማንኪያ አልጨመርኩም፣ አንዲት ማንኪያ አልቀነስኩም።»

ለአክስቴ ልጅ፣

ሰላምታዬን ከዚህ ቃል በታች ያስቀመጥሁት ቃሉ የራስሽ ስለሆነና መጀመሪያ ሊታይ ስለሚገባው ነው። አጎታችን ከሆስፒታል እንደወጣ የጻፍሽለትን ደብዳቤ ቅጂውን ላከልኝ። «አንብበህ እፈር» የሚል ቁራጭ ወረቀት አያይዞበታል። አነበብሁት። አላፈርሁም፤ ደሜ ነው የፈላው።

አሁን ሰላምታው። አንቺም ባለቤትሽም ሰላም ሁኑ። እትዬን ግንባሯን ሳሚልኝ። አንቺን የወለደች፣ እኔንም እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገች ሴት ናትና የዚህ ነገር ወሬ ጆሮዋ እንዲገባ አልፈልግም። ጠቡ የእኔና የአንቺ ነው።

ደውለሽ ነበር፤ አላነሳሁም፤ ወደፊትም አላነሳም። በስልክ የተባለ ነገር በማግሥቱ «እንዲያ አላልኩም» ይባላል። በወረቀት የከሰስሽኝን በወረቀት ታነሺያለሽ።

ያቺ ቃልሽ ምን እንደሠራች ታውቂያለሽ? አጎታችን ለእኔ ልኮ አላበቃም። ለወንድሜም ላከ፤ ወንድሜ ለሚስቱ አነበበላት። ከጥቂት ቀን በኋላ ከሥራ ስገባ በየዓመቱ የምሰጣቸው የማንጎ ቻትኒ፣ የዚያ ጣፋጭና ኮምጣጣ ማባያ ጠርሙሶች፣ ሳይከፈቱ፣ በካርቶን ሆነው ደጃፌ ላይ ተቀምጠዋል። «እናመሰግናለን፣ ልጆቹ ብዙም አይወዱትም» ይላል ላዩ ላይ። ጠርሙሱን በጣታቸው ጠርገው ጠርገው ያለ ሳሙና የሚያጥቡት ልጆች ናቸው አይወዱም የተባሉት!

የወንድሜ ሚስት ደግሞ እንደምታውቂው የምትሠራው እኔው ያለሁበት የውሃ መሥሪያ ቤት፣ ሒሳብ ክፍል ነው። ስለዚህ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቢሮ ገብቶ ጠበቀኝ። ሾፌራችን በሻይ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ በተሰለፈበት፣ «ጋሼ፣ የዛሬውን ውሃ መርምረውት ነው ወይስ እንደ ቻትኒው ቀቅለውት?» አለኝ። ተሳቀ። አንቺ ቀልድ ነው ትያለሽ። እኔ ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚጠጣውን ውሃ መርምሬ «ንጹሕ ነው» ብዬ የምፈርም ሰው ነኝ። ከፊርማዬ ሌላ የምኮራበት ነገር የለኝም። በገዛ ዘመዶቹ «ከእጁ አትብሉ» የተባለ ሰው ፊርማ ምን ዋጋ አለው?

ወደ ድስቱ ልመለስ። አሠራሩ የእኔ አይደለም፤ የእትዬ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከቤተ ሙከራ ትንሽ ሚዛን ተውሼ መጥቼ አጠገቧ ቆምሁ። ስኳሩን በእፍኟ ስታነሳ «ቆይ እትዬ» እያልሁ እፍኟን ሚዛኑ ላይ አስገለብጣትና እጽፍ ነበር። «ይኸው ደግሞ እጄን ሊመዝነው ነው! ና፣ ምላሴንም መዝነው!» አለች። ሚዛን የሚለው ስም የተለጠፈብኝ ያን ቀን ነው። አምና «ጻፍልኝ» ስትይኝ የላክሁልሽም ያንኑ ነው፤ ለሁለት ኪሎ ጠንከር ያለ ማንጎ አንድ ኪሎ ስኳር፣ ሦስት ብርጭቆ ኮምጣጤ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘቢብ፣ ደረቅ ቃሪያ፣ ጨው። ልትማሪ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በዚህ አሠራር ከወጣትነቴ እስከ ሽበቴ ስሠራ አንድ ሰው ሆዱን አልቆረጠውም።

አጎታችን ራሱ በሌላ ደብዳቤ እንደጻፈልኝ ክዳኑ ወደ ላይ ተነፍቶ ነበር፤ ሲከፈት ፉስ አለ፤ ዳር ዳሩ አረፋ ይዞ ነበር። እሱ ግን «የዘንድሮው ኮምጣጤው አፍ አይቆነጥጥም» ብሎ ግማሹን ጠርሙስ ጨረሰው። ልጠይቅሽ፤ ሦስት ብርጭቆ ኮምጣጤ የገባበት ቻትኒ አረፋ ይይዛል? አይይዝም። ኮምጣጤው ለጣዕም ብቻ አይደለም የሚገባው፤ ዘበኛ ነው። ያ ድስት ዘበኛ አልነበረውም።

ስለዚህ እነዚህን መልሺልኝ። ኮምጣጤው ገብቷል ወይስ አልገባም? ጠርሙሶቹ ተቀቅለው ነበር? የታሸገው ትኩሱን ነው ወይስ ከበረደ በኋላ? ድስቱ ሲወርድ የቀመሰው ማን ነው? ከዚያ ለአጎታችን እውነቱን ጻፊለት። እናንተ እዚያ ሰው አገር የምትኖሩት እሱ ቤት ውስጥ ነው፤ እሱ ላይ፣ እናንተ ታች። ደረጃ ወጥተሽ ልትሰጪው ትችያለሽ። ቅጂውን ለእኔ።

ሚዛን



የካቲት 4

ለማከብርህ ወንድሜ ለጋሼ ሚዛን፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ፣ ዓይንህ፣ ያ የሚያስቸግርህ ወገብህስ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ጣትህ አይዛልብኝ፣ ቤትህ ሳቅ አይጣ። ስትቆጣ ደም ግፊትህ እንደሚነሳ ስለማውቅ ደብዳቤህን ሳነብ ከራሴ ይልቅ ለአንተ ነው የፈራሁት።

መልስ ያዘገየሁት የምሠራበት መጋረጃ መስፊያ ቤት ሥራ ስለበዛብን ነው። አንድ ትልቅ ሆቴል የክፍሎቹን ሁሉ መጋረጃ በአንድ ጊዜ አዘዘና ጣቴ በመርፌ ተበሳስቶ እስክሪብቶ መያዝ አቅቶት ነበር።

ጋሼ፣ ነገሩ እኮ ቻትኒ ነው። ሰው አልሞተ። ጋሽዬም ድኗል፤ ትናንት ራሱ ደረጃውን ወርዶ የአምፖል ዋጋ ጨመረ ብሎ ሲጮህብን ነበር። እሱ ከጮኸ ጤነኛ ነው።

ጠርሙሶቹ ተቀቅለዋል። ትኩሱን ነው የታሸገው። ኮምጣጤውም ገብቷል ይመስለኛል። የዚህ አገር ኮምጣጤ ደግሞ ቀጭን ነው፤ እንደዚያኛው አያቃጥልም። ምናልባት እሱ ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ለጋሽዬ ስለዚህ ጉዳይ ምንም አትጻፍለት። ቢቻልህ እንዲያውም «ምናልባት ስጽፈው ተሳስቼ ይሆናል» ብትለው ነገሩ በዚያው ይበርዳል። አንተን ማን ምን ያደርግሃል?

እማዬ ደህና ናት። መስኮት ዳር ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። ስምህን ስንጠራ ደስ ይላታል።

እህትህ ድምቡሼ



የካቲት 20

ለአክስቴ ልጅ፣

ሰላም ለቤትሽ። ሰላምታዬ ይህን ያህል ነው፤ ቦታው ለሌላ ነገር ይፈለጋል። አንቺም «ድምቡሼ» ብለሽ መፈረምሽን ተዪ። በልጅነት ስም ነገር አይሸፈንም።

«ምናልባት ስጽፈው ተሳስቼ ይሆናል» በል አልሽኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ክፍሉን ዞርሁት። ተመልሼ አነበብሁ፤ ያው ነው። ሳልሳሳት ተሳሳትሁ ብዬ እንድፈርም! «አንተን ማን ምን ያደርግሃል» ደግሞ ትጨምሪበታለሽ። ሾፌሩ አሁን ኩባያ በያዝሁ ቁጥር «ጋሼ፣ ፉስ አለ እንዴ?» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት አለቃዬ አንድ የምርመራ ውጤት «ለማንኛውም ሌላ ሰው ደግሞ ይየው» ብሎ መለሰልኝ። እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ይኸው ነው የሚያደርጉኝ።

ኮምጣጤው «ገብቷል ይመስለኛል» አልሽ። ኮምጣጤ አይመስልም፤ ወይ ይገባል፣ ወይ አይገባም። ቀጭን ነው ላልሽው፣ የፈለገ ቢቀጥን ሦስት ብርጭቆው ሥራውን ይሠራል። የመጨረሻውን ጥያቄ ግን ጭራሽ ዘለልሽው። ማን ቀመሰው?

ያደግንበትን ያን ወጥ ቤት ታስታውሺዋለሽ። መስኮቱ ወደ ደረጃው ስለሚከፈት ኮምጣጤ በፈላ ቁጥር የሕንፃው ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚወጣው። እትዬ ማማሰያውን በድስቱ ወለል ላይ ትጎትተዋለች፤ የተከፈተው መንገድ ቶሎ ካልተዘጋ ወፍሯል ማለት ነው። ከዚያ በማንኪያ አውጥታ፣ እፍ ብላ፣ ትቀምሳለች። እኛ ቆመን አፏን እናያለን። «ደርሷል» ካለች አለቀ። ከእትዬ በኋላ ማንም አይቀምስም። ላይኛው ፎቅ ይኖር የነበረው ፖሊስ ጣቱን ነክሮ በማማሰያ መዳፉን የተመታውን ረሳሽው? «በእኔ ምላስ ላይ ምላስ ይጨመራል እንዴ? ሄደህ ጣቢያህን ጠብቅ!» አለችው። ያ ሁሉ ቁመት ከነዩኒፎርሙ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቃት።

እንግዲህ እናስብ። ምላሷ ያ ምላስ ነው። ኮምጣጤ የሌለበትን ቀምሳ «ደርሷል» አትልም። ስለዚህ አልቀመሰችም። ካልቀመሰች ድስቱ አጠገብ አልነበረችም። ድስት ተጥዶ እሷ አጠገቡ ካልነበረች ደግሞ ያራቃት ሰው አለ ማለት ነው። ከመጋረጃ ቤት ደክሞሽ ገብተሽ፣ እሷን «አንቺ አረፍ በይ» ብለሽ ገፍተሽ፣ በጥድፊያ እንደነገሩ ቀቅለሽ፣ ኮምጣጤውን ረስተሽ አሸግሽው። «መስኮት ዳር ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች» ብለሽ ራስሽ ጽፈሻል። ያቺ ሴት መቼ ነው ፀሐይ መሞቅ የጀመረችው? እንደ ዕቃ መስኮት ዳር አስቀምጠሻታል! ስሜን ማጥፋትሽ አንድ ነው፤ ይህ ግን ከዚያ ይብሳል።

እስከ መጋቢት መጨረሻ ለአጎታችን ካልጻፍሽለት እኔ እጽፍለታለሁ፤ ኮምጣጤ እንዳልገባበትና እትዬን ከምድጃዋ እንዳባረርሻት፤ ሁለቱንም።

ሚዛን



መጋቢት 26

ጋሼ ሚዛን፣

ሰላምታ የለኝም። የነበረኝን ባለፈው ደብዳቤ ላይ ጨርሼዋለሁ።

እናቴን ከምድጃዋ አባረርሽ ትለኛለህ? እኔ? አንተ እዚያ ተቀምጠህ «ስለዚህ፣ ስለዚህ» እያልክ ትደረድራለህ። ኮምጣጤ እንዳልገባ ያልከው ልክ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ስለዚህህ ሁሉ ግን ገደል ገባ። ይኸውልህ ጥያቄህ፤ የቀመሰችው እሷ ናት። የሠራችውም እሷ ናት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።

ያን ቀን ከሥራ ስመጣ ድስቱ ወርዷል። ፊቷ በርቷል፣ እጅጌዋን ሰብስባለች፣ ማንጎ ክንዷ ድረስ ተለጥፏል። እንዲያ ሆና ካየኋት ቆይቶ ነበር። «ቀምሻለሁ፤ ደርሷል፤ ጠርሙስ አምጪ» አለችኝ። እኔም አልቀመስኩም። አንተስ ብትሆን ትቀምስ ነበር? አትቀምስም! እኔም እንደሠለጠንኩት ዝም ብዬ አሸግኩ። ሽታው እንዳነሰ እንኳ ልብ ያልኩት በኋላ ነው። ጋሽዬ ሆስፒታል ከገባ በኋላ ወጥ ቤቱን ሳገላብጥ የኮምጣጤውን ጠርሙስ ከዳቦ ሳጥኑ ጀርባ አገኘሁት። ክዳኑ እንኳ አልተነካም።

አምና «ጻፍልኝ» ያልኩህ ለራሴ መስሎህ ደስ አለህ። ለእሷ ነው። አሠራሩ እየጠፋባት ነበር። ወረቀትህን ከምድጃው በላይ ለጠፍኩላት፤ ታነበዋለች፤ አንብባ ዞር ስትል የት እንደደረሰች ይጠፋታል። ቧንቧ ከፍታ ትሄዳለች። እኔን በአንተ እናት ስም ትጠራኛለች፤ በሞተችው እህቷ ስም። ጋሽዬ «እህቴ፣ የዘንድሮው ግሩም ነው» ሲላት ምን እንዳለች ታውቃለህ? «ማን ሠራው?» አለች። ባለቤቴ ቀልድ አስመስሎ ሳቀላት። እኔም ሳቅኩ።

ጋሽዬን ታውቀዋለህ። ከቻትኒው በፊት ምድጃ ሳታጠፋ ስትሄድ አይቶ «አንድ ጊዜ ይሁን። ሁለተኛ ከደገመች እዚህ ቤት አታድርም፤ የአረጋውያን መኖሪያ ትገባለች፤ ቦታውንም አይቼላታለሁ» ብሎኛል። ቤቱ የሱ ነው። ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ፣ ፊቱ እንደ አንሶላው ነጥቶ፣ «ማን ነው ይህን የሠራው?» ሲለኝ እማዬ አጠገቤ ቆማ የእጅ ቦርሳዬን መያዣ ታሻሻለች። አፌ ላይ የመጣው የአንተ ስም ነው። በኋላ «በጽሑፍ ስጪኝ» አለኝ፤ ጻፍኩ። ለምን አንተ? ሩቅ ስለሆንክ። አንተን ከቤትህ ማንም አያስወጣህም።

አሁን ከፈለግክ ጻፍለት። ስምህ ይጽዳልህ። እሷን ግን መጥተህ አንተው ሻንጣዋን ታሽጋለህ። እኔ እጄ አይነካውም።

ድምቡሼ (ስሜ ነው፤ አልተውም)



ሚያዝያ 4

ለድምቡሼ፣

እግዚአብሔር ቤትሽን ይጠብቅ፤ እትዬንም ከእጅሽ አያውጣት። ይህን ሰላምታ ከልቤ ነው የጻፍሁት። ከዚህ በታች ያለውን ቁጣም እንዲሁ።

ደብዳቤሽን ካነበብሁ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ወጥቼ ማንጎ ገዛሁ። ትንሿን ድስት ጥጄ ኮምጣጤ ሳልጨምር ሠራሁት። ማማሰያውን ስጎትተው መንገዱ ተከፍቶ ቆየ። እፍ ብዬ ቀመስሁ። ጣፋጭ ነው። አንቺ፣ በጣም ጣፋጭ ነው፤ ልጅ ማንኪያውን የማይለቅለት ዓይነት። ቆሜ ሌላ ማንኪያ ደገምሁ። «ደርሷል» በማለቷ አልፈርድባትም። ዕድሜዋን ሙሉ ኮምጣጤ ስታሸት የኖረች ሴት፣ ለአንድ ቀን ምላሷ ጣፍጦት ነው። ከዚያ ደፋሁት፤ ድስቱን አጠብሁት፤ ሳጥበው ተናደድሁ፤ ንዴቴ እስከ አሁን አልበረደም።

የተናደድሁት በእሷ አይደለም። በአንቺ ነው። በውሸትሽ እንኳ አይደለም፤ የሆስፒታሉን አልጋ ሳስበው እኔም ምን እል እንደነበር አላውቅም። የተናደድሁት ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ሆቴል፣ መርፌ፣ ቀጭን ኮምጣጤ እያልሽ ዙሪያ ጥምጥም ስትሄጂ ከረምሽ። እውነቱን ቢያውቅ ስሙን መርጦ እሷን ይሰጣታል ብለሽ ፈራሽ። ይህን አሰብሽብኝ? በልጅነቴ ትኩሳት ሲይዘኝ አልጋዬ ሥር ወለሉ ላይ ትተኛ የነበረችውን ሴት ለአለቃዬና ለሾፌሩ ስል አሳልፌ እሰጣታለሁ ብለሽ? ይህ ስድብ ከመጀመሪያው ቃልሽ ይበልጣል። ይቅርታ አላደረግሁልሽም፤ እንዳትሳሳቺ።

ምድጃዋን ነጠቅሻት ያልሁት ግን ልክ አልነበረም። አንስቼዋለሁ። በወረቀት ጽፌው ስለነበር በወረቀት አነሳለሁ።

አሁን ስሚኝ። ለአጎታችን «ተሳስቼ ነበር» ብዬ አልጽፍለትም። ሐሰት አልፈርምም፤ ለእሷም ቢሆን። ዝም ማለት ግን እችላለሁ። ወንድሜ ጠርሙሱን ይመልስ፤ ሾፌሩ ይሳቅ፤ አለቃዬ ውጤቴን ለፈለገው ሰው ያሳይ፤ ሁለት ጊዜ ቢመረመር ውሃው አይጎዳም። አጎታችን ቢጠይቀኝ «ቻትኒው ኮምጣጤ ጎድሎት ነበር» እለዋለሁ። እውነት ነው። ማን አጎደለው ካለኝ አልመልስለትም። መቼም አኩርፌ ነው ይላል፤ ይበል።

አንቺ ደግሞ ምድጃው ላይ ብቻዋን አትተዪያት። አንቺ ከሌለሽ ባለቤትሽ አጠገቧ ይቁም። ከወጥ ቤት ግን አታስወጪያት። ትከትፍ፣ ታማስል፣ ፖሊስ ከመጣም ትምታ። ሐኪም አይቷታል ወይስ አጎታችን እንዳይሰማ ብለሽ ይህንንም ደብቀሻል? ይህንም ጻፊልኝ።

የዓመት ዕረፍቴን ጠይቄያለሁ። በግንቦት እመጣለሁ። ማንጎውን እዚያው እንገዛለን፤ ኮምጣጤውን እኔ ይዤ እቆማለሁ። ድስቱ ሲወርድ እሷ ትቀምሳለች፤ እንደ ደንቧ። ከእሷ በኋላ እኔ እቀምሳለሁ። በማማሰያ ትምታኝ፤ እጄን ዘርግቼ ነው የምጠብቃት። አጎታችንም አንድ ቀን «አታድርም» ካለ፣ እኔ ቤት ከወጥ ቤቱ ጎን ያለው ክፍል መስኮት አለው፤ መጻሕፍቱን እያወጣሁለት ነው። ይህን ለእሱ አትንገሪው። ለራስሽ ግን እወቂው፤ እንግዲህ ሩቅ ነው ብለሽ እንዳታመካኚ።

ከመምጣቴ በፊት የምትመልሺልኝ አንድ ጥያቄ አለ። በየካቲቱ ደብዳቤሽ «ስምህን ስንጠራ ደስ ይላታል» ብለሽ ነበር። ያን ጊዜ አልፌው ሄድሁ። ትናንት መልሼ አነበብሁት። «ትጠይቅሃለች» አላልሽም፤ «ናፍቀሃታል» አላልሽም። እኔን በመርፌ ቀዳዳ የምታሾልክ ልጅ ነሽ፤ ቃልሽን እንዴት እንደመረጥሽው አሁን ገባኝ።

ስለዚህ በግልጽ እጠይቅሻለሁ። ደጃፉ ላይ ስቆም እትዬ ታውቀኛለች ወይስ አታውቀኝም? «ይመስለኛል» የሚል መልስ አልቀበልም፤ «ደህና ናት» የሚልም አልቀበልም። በስልክ እንዳትነግሪኝ፤ በስልክ ልሰማው አልችልም። ጽፈሽ፣ ፈርመሽ፣ ከሚያዝያ 25 በፊት እጄ ይግባ።

ሚዛን